ፍጥንጥነትና የፍጥነት መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «አክስለሬሽን»፣ በአማርኛ ፍጥንጥነት፣ የሚለውን ቃል ምንነቱን ከመረዳታቸው በፊት በእንግሊዝኛ ይሸመድዱታል። ቀመሩን ሲጠየቁ ያለ ስሕተት ይጽፋሉ፤ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥንጥነቱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ሳያመነቱ «ዜሮ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚሁ ክፍተት የሚመነጩ ናቸው።

ፍጥንጥነት ምንድን ነው? ከፍጥነትስ በምን ይለያል?

ፍጥነት አንድ ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድና ወዴት እንደሚያመራ ይገልጻል፤ ፍጥንጥነት ደግሞ ይኸው ፍጥነት ከሰከንድ ወደ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይገልጻል። ስለዚህ ፈጣን መሆንና ፍጥንጥነት ያለው መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ፣ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ፣ የፍጥነት መለኪያው ቀስት 100 ላይ ሳይነቃነቅ የሚጓዝ መኪና ፈጣን ነው፤ ፍጥንጥነቱ ግን ዜሮ ነው። በዚያው ሰዓት አዳማ ከተማ ውስጥ ከቆመበት የሚነሣ የፈረስ ጋሪ ቀርፋፋ ቢሆንም ፍጥንጥነት አለው፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ ከዜሮ ተነሥቶ እየጨመረ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፍጥነቱ ለውጥ ለውጡ ለወሰደው ጊዜ ይካፈላል። አንድ ሚኒባስ ከቆመበት ተነሥቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢደርስ፣ ይህ ፍጥነት 10 ሜትር በሰከንድ ማለት ስለሆነ፣ 10 ለ5 ሲካፈል ፍጥንጥነቱ 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ ለመለወጥ ለ3.6 ማካፈል ይበቃል፤ ይህችን ትንሽ እርምጃ መዝለል ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ታስጥላለች።

በአማርኛ የትኛውን ቃል መጠቀም ይሻላል?

ፍጥንጥነትም ሽምጠጣም በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች ያገለግላሉ። ሽምጠጣ ከፈረስ ሽምጥ ጋር የተዛመደ፣ ለጆሮ የሚጥም ቃል ነው፤ ሆኖም ሽምጥ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍጠን ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬን ይዞ የሚቆም መኪናም «ይሸመጥጣል» ብሎ ለማስረዳት ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት እዚህ «ፍጥንጥነት» ተመርጧል። ዲሴለሬሽን ለሚባለው ደግሞ «የፍጥነት መቀነስ» የሚለው ቀላል አገላለጽ ያለ ችግር ይበቃል።

የመለኪያው ስም ለምን «ሜትር በሰከንድ ስኩዌር» ሆነ? ሰከንድ እንዴት በራሱ ይባዛል?

ሰከንድ በራሱ ተባዝቶ የሚፈጥረው የተለየ ነገር የለም፤ ነገሩ የአጻጻፍ ማሳጠሪያ ብቻ ነው። ከላይ ያየነው ሚኒባስ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ በ2 ሜትር በሰከንድ ይጨምር ነበር። በአንደኛው ሰከንድ መጨረሻ 2፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 6፣ በአራተኛው 8፣ በአምስተኛው 10 ሜትር በሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። አንዱ «በሰከንድ» የፍጥነቱ ነው፤ ሌላው «በሰከንድ» የለውጡ ነው። ተማሪ «2 ሜትር በሰከንድ፣ በየሰከንዱ» ብሎ ማንበብ ከለመደ፣ «ስኩዌር» የሚለው ቃል ያመጣበት ግርታ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

የፍጥነት መቀነስና ኔጌቲቭ ፍጥንጥነት አንድ ናቸውን?

አይደሉም፤ ተማሪዎችን እንደዚህ ጥያቄ የሚያሳስት ሌላ ነጥብ በዚህ ርእስ ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል። የመቀነስ ምልክቱ የሚናገረው ስለ አቅጣጫ እንጂ ስለ መዘግየት አይደለም። አንድን ጥያቄ ስንሠራ የትኛው አቅጣጫ ፖዘቲቭ እንደሚባል የምንመርጠው እኛው ነን፤ ተፈጥሮ በዚህ ምርጫ አትገደድም።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር እንውሰድና ወደ አያት የሚወስደውን የምሥራቅ አቅጣጫ ፖዘቲቭ እንበለው። አሁን ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ስታዲየም፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ የሚሄደው ባቡር ፍጥነቱ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። ይህ ባቡር ከጣቢያው ወጥቶ እየፈጠነ ሲሄድ ፍጥነቱ ከ0 ወደ −5፣ ከዚያም ወደ −10 ሜትር በሰከንድ ስለሚለወጥ ፍጥንጥነቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ይሁን እንጂ ባቡሩ እየፈጠነ እንጂ እየዘገየ አይደለም። ቀጣዩ ጣቢያ ሲቃረብና አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ፍጥነቱ ከ−10 ወደ 0 ይመለሳል፤ በዚህን ጊዜ ፍጥንጥነቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ባቡሩ ግን እየቆመ ነው። የምልክቱን ትርጉም በቃል ይዞ የመጣ ተማሪ በሁለቱም ቦታ ይሳሳታል።

የማያሳስተው መመዘኛ ሁለቱን አቅጣጫዎች ማነጻጸር ነው። ፍጥነቱና ፍጥንጥነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ አካሉ እየፈጠነ ነው፤ ተቃራኒ ከሆኑ እየዘገየ ነው። በዚህም ምክንያት ፊዚክስ የፍጥነት መቀነስን ራሱን የቻለ ሌላ ክስተት አድርጎ አይመለከተውም፤ ፍጥንጥነት ከጉዞው አቅጣጫ በተቃራኒ ሲሆን የምንሰጠው የዕለት ተዕለት ስም ነው።

ፍጥነቱ ዜሮ የሆነ ነገር ፍጥንጥነት ሊኖረው ይችላልን?

ይችላል። በመግቢያው ላይ ወደ ተጠቀሰው ድንጋይ እንመለስ። በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ፣ ለስሌት እንዲመች የመሬት ስበትን 10 ብለን ብንወስድና የአየርን መቋቋም ብንተወው፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 10፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ 0፣ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ወደ ታች 10 ይሆናል። በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚታየው ለውጥ ያው 10 ነው፤ ጫፍ ላይ በደረሰባት ቅጽበትም አልተቋረጠም። በዚያች ቅጽበት ፍጥንጥነቱም እንደ ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ፣ ፍጥነቱን የሚለውጠው ነገር ስለማይኖር ድንጋዩ ተመልሶ ሳይወርድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

ፍጥነቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚዞር መኪናስ?

ቬሎሲቲ የሚባለው ፍጥነት ከነአቅጣጫው ስለሆነ፣ መጠኑ ሳይነካ አቅጣጫው ብቻ ቢለወጥም ፍጥንጥነት አለ። አንድ መኪና 25 ሜትር ሬዲየስ ባለው አደባባይ ዙሪያ በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲዞር፣ የፍጥነቱ ስኩዌር ለሬዲየሱ ሲካፈል ወደ አደባባዩ መሐል የሚያመለክት 4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ፍጥንጥነት ይገኛል። ይህን የሚያስገኘው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ መንገዱ ዝናብ ወይም ዘይት ሲነካው መኪናው ከመዞር ይልቅ ቀጥ ብሎ ለመሄድ የሚያዳላውም ሰበቃው ስለሚቀንስ ነው። በመኪና ውስጥ ነዳጅ መስጫ፣ ፍሬንና መሪ የተለያየ ሥራ ያላቸው ቢመስሉም፣ በፊዚክስ ዓይን ሦስቱም የፍጥንጥነት መሣሪያዎች ናቸው።

ከባድ ነገር ከቀላል ነገር ቀድሞ ይወድቃልን?

አየር ጣልቃ ካልገባ አይቀድምም። የሰው ልጅ ለብዙ ዘመን የአርስቶትልን ሐሳብ ተከትሎ ከባድ ነገር እንደ ክብደቱ መጠን ቶሎ ይወድቃል ብሎ ያምን ነበር። ይህን በሙከራ የመረመረው ጣልያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሊ ሲሆን፣ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1638 ነው። በዘመኑ የሰከንድን ክፍልፋይ የሚለካ ሰዓት ስላልነበረ ቀጥ ብሎ የሚወድቅን ነገር መለካት አልቻለም፤ ስለዚህ ኳሱን በትንሹ ባዘነበለ እንጨት ላይ አንከባለለና አወዳደቁን አዘገየው፤ ጊዜውንም ከቀጭን ቧንቧ የሚወርደውን ውኃ እየመዘነ ለካ። ያገኘውም ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው፤ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል ኳሱ 1 እጅ ርቀት ከሄደ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 እጅ ይሄዳል፤ ጠቅላላው ርቀት ሲደመር 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ ከጊዜው ስኩዌር ጋር ያድጋል። የማይለወጥ ፍጥንጥነት መለያው ይህ ነው።

አየር በሌለበት የተደረገው ታዋቂ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1971 በጨረቃ ላይ የታየው ነው። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት መዶሻና የጭልፊት ላባ ከሁለት እጆቹ በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ። በጨረቃ ላይ የስበት ፍጥንጥነት 1.62 ስለሆነ አወዳደቃቸው ከእኛ ምድር ይልቅ ዝግ ያለ ነበር።

በምድርም ላይ ቁጥሩ በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። በዋልታዎች አካባቢ 9.83 ሲሆን፣ በምድር ወገብ 9.78 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች ከመሆኗም በላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በመማሪያ መጻሕፍት ከሚታተመው 9.8 በጥቂቱ ያነሰ ስበት አላት። ልዩነቱ ለክፍል ሥራ ምንም አያመጣም፤ በቤተ ሙከራ ፔንዱለም አወዛውዞ 9.78 ያገኘ ተማሪ ግን ተሳስቻለሁ ብሎ ቁጥሩን መሰረዝ አይኖርበትም።

በሩጫ የሚያሸንፈው የበለጠ ፍጥንጥነት ያለው ነውን?

ይህ እንደ ርቀቱ ይለያያል። ዩሴይን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች 1.89 ሰከንድ ፈጅተውበታል፤ ከ60ኛው እስከ 70ኛው ሜትር ያሉት 10 ሜትሮች ግን 0.81 ሰከንድ ብቻ ወሰዱ። ይህም ከ12 ሜትር በሰከንድ የሚበልጥ ፍጥነት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ክፍሎች 0.82፣ 0.83 እና 0.83 ናቸው። ቁጥሮቹ በጥሞና ሲታዩ የዓለምን ሪከርድ የሰበረው ሰው መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ በጥቂቱ ወርዶ እንደነበረ ይነግሩናል። ተመልካች መጨረሻ ላይ «ተፈተለከ» የሚለው፣ ሌሎቹ ከእርሱ በባሰ ስለሚዘገዩ ነው።

በረጅም ርቀት ሌላ ነው። በሲድኒ ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ10,000 ሜትር የመጨረሻ ዙር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ቀድሞ ተነጠለ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከትሎት ከመስመሩ አጠገብ ደረሰበትና በ27፡18.20 ለ27፡18.29 አሸነፈው። እዚህ ላይ ቴርጋት ቀርፋፋ አልነበረም። ሆኖም ከፊት ያለን ሰው ለመድረስ ከእርሱ የሚበልጥ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ያን ተጨማሪ ፍጥነት በደከመ እግር፣ በቀሩት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ማስገኘት ደግሞ የፍጥንጥነት ጉዳይ ነው። ከ27 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪና ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ለምን ከእጥፍ ይበልጣል?

ፍሬን የተያዘበት መኪና የሚሄደው ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ በአንድ በኩል ለመቆም የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚኖረው አማካይ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ አራት እጥፍ ይመጣል።

በደረቅ አስፋልት ላይ በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ6 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ መኪና እንውሰድ። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ በ10 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በ80 ሲሄድ ግን 41 ሜትር ያስፈልገዋል። በእርጥብ መንገድ የመቀነሻ መጠኑ ወደ 3 ቢወርድ 41 የነበረው 82 ይሆናል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ሹፌሩ ፍሬን ከረገጠ በኋላ ያለው ነው። አደጋውን አይቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ40 የሚሄደው 11 ሜትር፣ በ80 የሚሄደው 22 ሜትር ፍጥነቱ ሳይነካ ይጓዛሉ።

ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ 25 ሜትር ፊታቸው መንገድ ውስጥ ቢገባ፣ በ40 የሚሄደው 21 ሜትር ላይ ቆሞ ልጁ ይተርፋል። በ80 የሚሄደው ሹፌር፣ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ገና አልረገጠም። ልጁ ዘንድ የሚደርሰውም ያንኑ 80 የሚጠጋ ፍጥነት ይዞ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የቁልቁለት ጥያቄ ነው። ዓባይ በረሃን የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርደው ለምንድን ነው? ቁልቁለቱ ያለማቋረጥ መኪናውን ወደ ታች ስለሚጎትተው፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ብቻ እንኳ ተቃራኒ ኃይል ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ይህን ሥራ ሁሉ ለፍሬኑ ቢተወው የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበት (ኢነርጂ) ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። በዝቅተኛ ማርሽ ግን ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርደዋል።

አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚገፋን ምንድን ነው?

የሚገፋን ነገር የለም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 እንዳሰፈረው፣ ኃይል ካላረፈበት በቀር ማንኛውም አካል በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። አውቶቡሱን ፍሬኑ ያዘገየዋል፤ እግራችንን ወለሉ ይይዘዋል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካላችን ግን የሚይዘው ስለሌለ ጉዞውን ይቀጥላል። ብረቱን ስንጨብጥ ለሰውነታችን የጎደለውን ወደ ኋላ የሚይዝ ኃይል ሰጠነው ማለት ነው። የሚያስፈልገው ኃይል መጠነ ቁስ በፍጥንጥነት ተባዝቶ ስለሚገኝ፣ ለ60 ኪሎ ሰው በ6 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር 360 ኒውተን ይሆናል። ልጅ አቅፎ ለቆመ ሰው የበለጠ ያስፈልጋል፤ መቀመጫ የሚለቀቅለትም በከንቱ አይደለም።

የሰው አካል ምን ያህል የፍጥነት መቀነስ ይቋቋማል?

ይህን በራሱ ላይ የሞከረ ሰው አለ። አሜሪካዊው የአየር ኃይል ሐኪም ጆን ስታፕ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ሜክሲኮ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ታስሮ 1,017 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከደረሰ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ተደረገ። ስሌቱ ሲሠራ አማካዩ ከስበት ፍጥንጥነት 20 እጥፍ ያህል ነው፤ በከፋው ቅጽበት ግን 46 እጥፍ ደርሶ ነበር። ዓይኖቹ ደም ሞልተው ለጊዜው ማየት ተስኖት የነበረ ቢሆንም ተረፈ፤ ከዚያም በኋላ ለመኪና ቀበቶ ሲከራከር ኖረ።

የቀበቶው ምሥጢር የማቆሚያውን ርቀት ማርዘም ነው። በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከግንብ ጋር የተጋጨ መኪና አፍንጫው 60 ሴንቲ ሜትር ቢጨማደድ፣ ቀበቶ ያሰረው ሰው ከመኪናው ጋር አብሮ የስበት ፍጥንጥነትን 16 እጥፍ ገደማ በሚሆን የፍጥነት መቀነስ ይቆማል። ያላሰረው ግን በዚያው 50 ፍጥነት ይቀጥልና ፊቱ ካለው ብረት ጋር ተላትሞ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ቁጥሩ ወደ 200 እጥፍ ይወጣል። ሁለቱም ሰዎች ያጡት ፍጥነት እኩል ነው፤ የተለያየው ያጡበት ርቀት ነው።

ከቀመሮቹ የትኛውን መምረጥ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

በጥያቄው ውስጥ ያልተሰጠውንና ያልተጠየቀውን ይፈልጉ። ርቀት ካልተነሣ፣ የመጨረሻ ፍጥነት የመጀመሪያው ፍጥነት ሲደመር ፍጥንጥነት በጊዜ ተባዝቶ ነው። ጊዜ ካልተነሣ፣ የመጨረሻው ፍጥነት ስኩዌር የመጀመሪያው ስኩዌር ሲደመር የፍጥንጥነትና የርቀት ብዜት እጥፍ ነው። የመጨረሻ ፍጥነት ካልተነሣ፣ ርቀቱ የመጀመሪያ ፍጥነት በጊዜ ተባዝቶ፣ ሲደመር የፍጥንጥነትና የጊዜ ስኩዌር ብዜት ግማሽ ነው። ሦስቱም የሚሠሩት ፍጥንጥነቱ ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ለቦልት ሩጫ ለምሳሌ አይሆኑም።

ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ለምን 9.8 ፍጥንጥነት ያሳያል?

በስልክ ውስጥ ያለው አክስለሮሜትር በጣም ጥቃቅን በሆኑ የሚለጠጡ ክንዶች ላይ የተያዘች ኢምንት ቁስ አለችው፤ መሣሪያው የሚለካው ይህች ቁስ ምን ያህል ከቦታዋ እንደተገፋች ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ ቁሷ ግን በስበት ወደ ታች ትለጠጣለች። ለመሣሪያው ይህ ሁኔታ ስበት በሌለበት ቦታ ወደ ላይ በ9.8 ከመፍጠን ጋር ልዩነት የለውም። ስልኩ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስልኩም ቁሷም እኩል ስለሚወድቁ መለኪያው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህን መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አስቀድሞ ቢያነጥፍ ይመረጣል፤ የስልክ መስታወት በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያርፍበት የማቆሚያ ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።